የፋብሪካው ታሪክ፣ ገጽ ስድስት

የፓምፕ ፋብሪካው ሊሸጥ አንድ ወር ሲቀረው ሥራ አስኪያጁ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋን ቢሮው አስጠርቶ የፋብሪካውን ታሪክ እንድትጽፍ አዘዛት። አሥራ ሁለት ገጽ ይበቃል አላት፤ ፎቶግራፍ ሲገባበት ጽሑፉ ስምንት ገጽም አይሞላም። ገዢዎቹ ለፊርማ ሲመጡ የሚያገላብጡት ነገር ያስፈልጋቸዋል እንጂ እጃቸውን አጣጥፈው ግድግዳ ሲያዩ መዋል የለባቸውም። እሷም እሺ ብላ ወጣች። ማቅለጫ ክፍሉ እንደሚዘጋ፣ የፓምፑ ብረት ከእንግዲህ ከውጭ ተቀርጾ እንደሚመጣ የሚገልጸውን ደብዳቤ በሦስት ቅጂ የተየበችውም እሷው ነበረች። ያን ዕለት አንድ ነገር ይሰማኛል ብላ ጠብቃ ነበር። ያደረገችው ነገር ቢኖር ሁለተኛው መስመር ላይ የተረሳ ነጠላ ሰረዝ መጨመር ነው። ከዚያ ቤቷ ገብታ ልብስ አጠበች።

ሥራ አስኪያጁ የመሥራቹ ልጅ ነው። ስልሳ አንድ ዓመት ሆኖታል፣ የልጅ ልጆችም አሉት፤ ሠራተኛው ግን ዛሬም ድረስ «ልጁ» ነው የሚለው። መኪናው በር ላይ ብቅ ሲል «ልጁ መጣ» ይባላል። አባቱ «ሽማግሌው» ናቸው፤ ከሞቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢያልፍም ስማቸው ሲነሣ ሰው ድምፁን ይቀንሳል።

ታሪኩን መጻፍ አላስቸገራትም። ወረቀቱ ሁሉ ከወንበሯ ጀርባ፣ አረንጓዴ ቀለም በተቀባው የብረት መደርደሪያ ላይ ነው። ፋብሪካው የተጀመረው ከሃምሳ ስምንት ዓመት በፊት በአንድ የልብስ ማጠቢያ ድርጅት ጓሮ ውስጥ ነበር። የድርጅቱ ፓምፕ ቀፎው፣ የውጭው የብረት አካሉ፣ ተሰነጠቀ፤ መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ አምስት ወር ይፈጃል ተባለ። ያኔ እዚያ መካኒክ የነበሩት ሽማግሌው ጓሮው ውስጥ ጉድጓድ አስቆፍረው፣ የአሮጌ መኪና ሞተር አቅልጠው አዲስ ቀፎ በአሸዋ ውስጥ አፈሰሱ። ፓምፑ ሠራ። በዓመቱ በራሳቸው መጋዘን ውስጥ ሰባት ፓምፕ ሠርተው ሸጡ። እሷ ከዚህ ቀጥላ «ከሰባቱ ሦስቱ ተመልሰው መጥተዋል» ብላ ጽፋ ነበር። ልጁ ሰርዞት ጠርዙ ላይ «ምን አደረግሁሽ?» ብሎ ጻፈበት።

ገጽ ስድስት ላይ ስትደርስ ቆመች። ይህ ገጽ የ«አራት ቁጥር» ነው። አራት ቁጥር ፋብሪካውን ለአርባ ዓመት ያበላው ፓምፕ ነው፤ ሌላው ሞዴል ሁሉ ሲቀያየር እሱ አልተቀየረም። ታሪኩን የማያውቅ ሠራተኛ የለም፤ ሽማግሌው በየስብሰባው ይናገሩት ነበር። አንድ የማዕድን ድርጅት ጉድጓዱን ውሃ ሞላበትና ፓምፕ አዘዘ። ሽማግሌው ሄደው ውሃውን በእፍኛቸው ዘገኑት፤ በጣቶቻቸው መካከል ሲፈስ መዳፋቸው ላይ አሸዋ ቀረ። ይህን አሸዋ የሚውጥ ፓምፕ ያስፈልጋል ብለው ተመለሱ። ፓምፑ ሆድ ውስጥ እየተሽከረከረ ውሃውን የሚገፋው ባለክንፍ ክብ ብረት፣ ሠራተኛው ኢምፔለር የሚለው፣ ከቀፎው ጋር ያለውን ክፍተት አሰፉት። አሸዋው እየሾለከ ማለፍ ጀመረ። ታሪኩ ይኸው ነው።

እሷ የፈለገችው ቀኑን ብቻ ነበር። ለቀኑ ብላ የመፈተሻ ክፍሉን አሮጌ መዝገብ አወረደች። አርባ ፓምፕ ተራ በተራ ተመዝግቧል። በአርባውም ረድፍ ላይ ውሃው መድረስ ከሚገባው ከፍታ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ጎድሏል። ከገጹ ግርጌ ሽማግሌው በራሳቸው እጅ «ኢምፔለሩ ከመጠን አንሷል። የቅርጽ አናጺው ስህተት ነው» ብለው ፈርመዋል።

በዚያ ዓመት የቅርጽ አናጺዎቹ አለቃ አባቷ ነበር።

የእሱ ሥራ የፓምፑን አካል መጀመሪያ በእንጨት መሥራት ነው። እንጨቱ አሸዋ ውስጥ ይቀበራል፣ ይወጣል፣ ትቶት በሄደው ጉድጓድ ውስጥ የቀለጠው ብረት ይፈስሳል። ብረት ደግሞ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ስለዚህ የቅርጽ አናጺ የሚለካው ሱቅ በሚሸጠው ማስመሪያ አይደለም። የእሱ ማስመሪያ ሆን ተብሎ የረዘመ ነው፤ ለብረት በሜትር አንድ ሴንቲ ይረዝማል፣ ለነሐስ አንድ ሴንቲ ተኩል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዓይን አይለያቸውም። ማዕድን ድርጅቱ ያዘዘው የነሐስ ኢምፔለር ነበር። አባቷ ቅርጹን በብረቱ ማስመሪያ ለካው፤ ነሐሱ ሲቀዘቅዝ ኢምፔለሩ ከሚገባው አነሰ።

የአባቷን የግል ማኅደር አወጣች። ከፈተናው በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ወደ ማሸጊያ ክፍል ተዛውሯል። አሥራ አራት ወር ሣጥን ሲሠራ ቆየ። ያኔ እሷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። የምታስታውሰው አባቷ በዚያ ሰሞን ምሳ ቋጥሮ መሄድ መጀመሩን ነው፤ ከሰዎች ጋር መብላት እንደተወ ያኔ አልገባትም ነበር።

በማግሥቱ ማቅለጫ ክፍል ወረደች። ምድጃው ከቀዘቀዘ አሥር ቀን ሆኖታል። የክፍሉ አለቃ፣ ሁሉም «ጭሱ» የሚለው አዛውንት፣ በተገለበጠ የአሸዋ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። የጡረታ ቀኑን መጠበቅ እንጂ ሌላ ሥራ የለውም። የመጣችበትን ስትነግረው ጋዜጣውን አጠፈ።

«ሽማግሌው ማዕድኑን ያዩት በፎቶግራፍ ነው» አላት። «መኪና ያጥወለውላቸው ነበር እኮ። ከከተማ ወጥተው አያውቁም።»

የቀረውን ሳይቸኩል ነገራት። ማዕድን ድርጅቱ ጉድጓዱ እየሞላበት ስለነበር ፓምፖቹን ጉድለታቸውን እያወቀ ወሰዳቸው። ከውጭ ያመጣቸው ሌሎቹ ፓምፖች በወር ውስጥ አሸዋ ነክሷቸው ቆሙ። እነዚህ አርባዎቹ ኢምፔለራቸው አነስ ስላለ አሸዋው በጎን እያመለጠ ዓመት ሠሩ። ድርጅቱ ስልሳ ጨምሩልኝ፣ ልክ እንደ በፊቶቹ ይሁኑልኝ ብሎ ጻፈ። ሽማግሌው አንዱን ፓምፕ አስፈትተው ንድፉን ከፓምፑ ላይ አስነሡ፤ አራት ቁጥር የተባለው ያ ነው። አባቷን ማንም ጠርቶ ያነጋገረው የለም። አንድ ቀን ጠዋት ሲገባ የሥራ ልብሱ ወደ ድሮው መስቀያ ተመልሶ ተሰቅሎ አገኘው፤ ለበሰና ሥራውን ጀመረ።

«ለምን ዝም አልክ አላልኩትም?» አለ ጭሱ። «ብዬዋለሁ። አባትሽን ግን ታውቂዋለሽ፣ ሚሊሜትር ነበር የምንለው። ከአፉ ቃል ለማውጣት ምድጃ ማንደድ ይቀላል።»

ቢሮዋ ተመልሳ የሽማግሌውን እፍኝ ውሃ ሰረዘችውና በምትኩ ዘጠኝ መስመር ጻፈች። የአባቷን ስም ከነአያቱ አስገባች። ሁለቱን ማስመሪያዎች፣ አርባውን ፓምፕ፣ አሥራ አራቱን ወር፣ የስልሳውን ትእዛዝ አንድ በአንድ፣ ያለ ምንም ማጋነን አስቀመጠች። አንብባ ስትጨርስ አሁንም አንድ ነገር ይሰማኛል ብላ ጠበቀች። በመስኮቱ በኩል ጭስ የማይወጣበት የማቅለጫው ጭስ መውጫ ይታያል። ወረቀቱን ይዛ ወደ ልጁ ቢሮ ወጣች።

ይቆጣል ብላ ነበር። ልጁ ግን መነጽሩን አውልቆ ሳቀ። «እህቴ፣ ይኼ ከአባቴ ወሬ ይሻላል» አለ። «የአባቴን ማንም አያምነውም። ይኼ ግን የሰው ነገር አለበት። ገዢዎቹ እንዲህ ያለ ነገር ይወዳሉ።» ያንኑ ዕለት ለማተሚያ ቤት ላከው።

እሷና አባቷ የሚኖሩት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። አባቷ ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው፤ ጀርባው ጎብጧል፣ እጁ ግን አይንቀጠቀጥም። ማታ ስትገባ የቁም ሣጥኑን መሳቢያ አውጥቶ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ያሻል። አጠገቡ ተቀምጣ ዘጠኙን መስመር አነበበችለት። እያነበበች ሳለ ማሸቱን አቆመ። ስትጨርስ ብርጭቆ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ስንት ዓመት ነው የሠራሁት?» አለ።

«አርባ አንድ።»

«ስንት ቅርጽ ሠራሁ?»

«አንድ ሺህ ስድስት መቶ ገደማ።»

«ገደማ የሚባል ቁጥር የለም።»

«አንድ ሺህ ስድስት መቶ አርባ ሦስት።»

«ከዚያ ሁሉ አንዱን መረጥሽ።»

ፋብሪካውን ያበላው እሱ ነው አለችው። ሽማግሌው የወሰዱት የእሱን ነገር መሆኑን፣ አሁን ካልተጻፈ ማንም እንደማይጽፈው ነገረችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«እሱ የእኔ ሥራ አይደለም» አለ አባቷ። «ሥራ ማለት አስበሽ የምትሠሪው ነው። ሁለቱ ማስመሪያዎች ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፤ እጄ አንዱን አነሣ። ይኸው ነው። አርባውን ፓምፕ መፈተሻው ፊት ደርድረው ፋብሪካውን በሙሉ ጠርተው አስቆሙኝ። አንዱ፣ አናጺው ዓይኑ ላይ መጋዝ ብናኝ ገብቶበታል ሲል ሁሉም ሳቀ። አንድ ጊዜ ቆሜያለሁ። አሁን ደግሞ አንቺ በማተሚያ ልታስቆሚኝ ነው?»

«የሽማግሌው ውሸት ይቅር ማለት ነው ታዲያ?»

«ይውሰዱት። እኔ አልፈልገውም።»

መሳቢያውን ቦታው መልሶ ከተተውና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን አላነጋገራትም። ጨው ስትጠይቀው ያቀብላታል፤ በሩን ስታንኳኳ ይከፍትላታል። እሷም አልተከፋችም፤ ወይም ተከፍታ ከሆነ የት ላይ እንደሆነ አላገኘችውም። ግን በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጫማዋን ስታጠልቅ ያን ገጽ ካላስወጣች ይህ ሰው እንደገና ምሳውን ብቻውን እየበላ እንደሚሞት ገባት።

ልጁ መጀመሪያ እንቢ አለ። ገጹ ተሰናድቷል፣ ማተሚያው ነገ ይጀምራል፣ ደግሞስ ለምን? አባቷ ይከበርበታል እንጂ ምን ይሆናል? እሷ አልተከራከረችም። ቆማ ብቻ ጠበቀች። በመጨረሻ ልጁ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ማተሚያ ቤቱ ከተስማማ ታውጣው፤ ግን ገጹ ላይ ባዶ ቦታ እንዳይታይ፣ የእሱም አባት ታሪክ ወደ ቦታው ይመለስ። አራት ቁጥርን ማን ሠራው ሲሉኝ ማንም አልሠራውም ልበል እንዴ አላት።

የቅርጾቹን መዝገብ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች። መዝገብ ከመዝገብ ቤት አይወጣም የሚለውን ማስታወቂያ በሩ ላይ የለጠፈችው ራሷ ናት።

ማተሚያ ቤቱ ከአንድ የጫማ መደብር በላይ ነው። ገጽ የሚያሰናዳው ሰውዬ ማሳያው ላይ አፍጥጦ፣ ከታች ያለው ፎቶግራፍ አይነቃነቅም፤ ዘጠኝ መስመር ካወጣሽ ዘጠኝ መስመር ታመጫለሽ፣ ስምንት አይሆንም አሥርም አይሆንም አላት። በወረቀት ክምር መካከል በርጩማ ላይ ተቀምጣ የሽማግሌውን እፍኝ ውሃ አሳጥራ አሳጥራ ሁለት መስመር አደረገችው። «የፋብሪካው መሥራች የማዕድኑን ውሃ በእጃቸው ዘግነው አሸዋውን በማየታቸው፣ የአራት ቁጥርን ክፍተት ራሳቸው ወሰኑ።» እጇ አልዘገየም። ሰባት መስመር ተረፈ።

መዝገቡን ከፈተችና የአባቷን ስም ጻፈች፤ የቅርጽ አናጺዎች አለቃ፣ አርባ አንድ ዓመት፣ አንድ ሺህ ስድስት መቶ አርባ ሦስት ቅርጽ። ከዚያ ሰው የሚያውቃቸውን መረጠች። የልብስ ማጠቢያው ቀፎ። የሦስቱ የእሳት አደጋ መኪኖች ፓምፖች። የሆስፒታሉ የሙቅ ውሃ ፓምፕ። ለእያንዳንዳቸው የመዝገብ ቁጥራቸውን ጨመረች። ሰባተኛው መስመር አንድ ቃል ሲተርፈው ሰውዬው ፊደሉን ትንሽ አጠበበላት። «ለዘመድ ነው አይደል?» አላት። ለሥራ ነው አለችው።

መጽሔቱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደረሰ፤ አምስት መቶ ቅጂ በአምስት ካርቶን። ልጁ ከላይ አንዱን አንሥቶ ሽፋኑን ዳሰሰና ይዞት ሄደ። እሷም አንድ ወሰደች።

አባቷ ማጉያ መስታወቱን ይዞ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። ገጽ ስድስት ብላ ከፈተችለት። በጣቱ እየተከተለ የሽማግሌውን ሁለት መስመር አነበበ። ጣቱ አልቆመም፣ አልፈጠነምም። ስሙ ላይ ሲደርስ ማጉያውን ጠጋ አደረገ። ከዚያ ዝርዝሩን ያዘ፤ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አለፈ። አምስተኛው ላይ፣ በሆስፒታሉ ፓምፕ ቁጥር፣ ጣቱ ቆመ።

«917 አይደለም» አለ። «971 ነው።»

መዝገቡን ከቦርሳዋ አውጥታ አየች። 971 ነበር። ማተሚያ ቤት በርጩማ ላይ ሆና ስትገለብጥ ሁለቱን አኃዞች አቀያይራለች።

«917 የሆስፒታሉ አይደለም፣ የቢራ ፋብሪካው ክዳን ነው» አለ። «የሠራው ማሸጊያ ክፍል ሳለሁ በእኔ ቦታ የገባው ሰውዬ ነው። ጥሩ አድርጎ ነው የሠራው፤ ማዕዘኑን አይቼለታለሁ። የሰው ሥራ በእኔ ላይ አይጻፍም።» ማጉያውን አስቀመጠ። «ስንት ነው የታተመው?»

«አምስት መቶ።»

«ፊርማው መቼ ነው?»

«ሰኞ።»

«እንግዲያው አምጫቸው።»

ቅዳሜ ጠዋት ካርቶኖቹን ልታወጣ ስትል ዘበኛው በሩ ላይ አስቆማት። ሰው ሁሉ ከመጋዘን መዳብ ይዞ ሊወጣ ሲታገል አንቺ ወረቀት ትሰርቂያለሽ? አላት፤ ከዚያ ራሱ እየተሸከመ ታክሲው ላይ ጫነላት።

አባቷ ጠረጴዛውን ወደ ብርሃኑ ጎትቶ፣ ቀጭን ጥቁር እስክሪብቶ አዘጋጅቶ ጠበቃት። እሷ መጽሔቱን ገጽ ስድስት ላይ ትከፍትና በመዳፏ ተጭና ታቀብለዋለች። እሱ በቁጥሩ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ያሳልፍና ከበላዩ 971 ብሎ ይጽፋል፤ ንድፍ ላይ እንደሚጻፈው ቀጥ ያለ ቁጥር። ሠላሳ ያህል እንደሠሩ ቆም አለ። ቁጥሮቹ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብለዋል አለ። እሷ አይታያትም ነበር። ከካርቶኑ ጎን ቁራጭ ቀደደ፣ ለካ፣ በምላጭ ትንሽ መስኮት አወጣበት። ከዚያ በኋላ ቁራጩን ገጹ ላይ ያጋድመዋል፣ በመስኮቱ ውስጥ ይጽፋል፣ ያነሣል። ሁሉም አንድ ቦታ ላይ አረፈ።

ምሳ ሰዓት ሲያልፍ በልተው ቀጠሉ። ማሸጊያ ክፍል ሳለ የምስማር ርዝመት የማያውቅ አለቃ እንደነበረው፣ ሣጥኑ ሁሉ ጭነት ላይ ሲበታተን ጥፋቱን በዝናቡ እንዳላከከ አጫወታት። ስለዚያ ዘመን ሲያወራ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው። እሷ በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ መዳፏን ስታሳርፍ ከቁጥሩ በላይ ያሉት ሁለት መስመሮች ከአውራ ጣቷ አጠገብ ይሆናሉ። እጃቸው፣ ውሃው፣ አሸዋው። ሁለት መቶ ምናምነኛው ላይ መጽሔቱን ሳታቀብለው ያዘችው።

«ከላይ ያለውንስ?» አለችው።

አባቷ እስክሪብቶው እንዳይደርቅ ክዳኑን ገጠመበት። መስመሮቹን በዓይኑ አያቸው።

«እሱን የጻፍሽው አንቺ ነሽ» አለ። «ቁጥሩ ነው የእኔ። አቀብይኝ።»

አቀበለችው።

ፀሐይዋ ከጠረጴዛው ላይ ስትወርድ ካርቶኖቹ ተመልሰው ሞልተዋል። አባቷ ሲቆጥር ነበር። አራት መቶ ዘጠና ዘጠኝ አለ። አንዱ የት ሄደ ሲላት ልጁ እንደወሰደው ነገረችው። እስክሪብቶውን ጠረጋ አደረገና ያን የካርቶን ቁራጭ እንዳይታጠፍ በማጉያው ሥር አስገባው።

«ሰኞ ሳይፈርም በፊት ተቀበይው» አላት።